እምቧይ የተባለው የኦቦ ገመቹ ደበርጃን

በነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ጎረቤታችን የነበሩት፣ ጉልበታቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ ጨርሰው የጡረታ ዘመናቸውን ለጓሯቸው የሰጡት ኦቦ ገመቹ ባለፈው ጥር ለጥቂት ቀናት ታመው አርፈዋል። በጊምቢና በመንዲ መንገድ አብራችኋቸው የሠራችሁ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ሲሬ ሻይ ቤት እየተቀመጣችሁ የተጫወታችኋቸው፣ ከእጃቸውም የበላችሁ ሁሉ፣ ሳትሰሙ ከቀራችሁ መርዶውን ከእኔ ስሙ። ቀብራቸው ላይ የተነበበውን ብቻ የሰማችሁ ካላችሁ ደግሞ ማን እንደሞተ ገና አልተነገራችሁም።

ይህን የምለው አውቄ ነው፤ የተነበበው የሕይወት ታሪክ የተተየበው እኔ ሱቅ ነው። ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት አለኝ። እዚህ ከተማ ሰው ሲሞት ዘመድ ይጠራል፣ እድር ይነገራል፣ ከዚያ አንዱ እያለከለከ እኔ ዘንድ ይመጣል። ስንቱን ሟች ተይቤያለሁ! ሁሉም ደግ ነበሩ። ሁሉም እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ከሰው ተግባቢ ነበሩ። ሚስቱን በሰፈር ፊት ሲደበድብ የኖረውም፣ የወንድሙን አጥር የገፋውም እኔ ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ «ሰላም ወዳድ» ይሆናል። ስሙንና የትውልድ ቦታውን ብቻ እየቀየርኩ አትሜ እሰጣለሁ። ልዩነት የለውም ወይ ብሎ የጠየቀኝ ለቀስተኛ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

የኦቦ ገመቹን ጽሑፍ ይዞልኝ የመጣው አቶ ደረጀ ነው። የእድራችን ሊቀ መንበር ነው፣ ቤቱም ከኦቦ ገመቹ ግቢ ጀርባ ነው። አብሮ አደጌ ስለሆነ አንተ እለዋለሁ፤ «አቶ» ያልኩት ለጽሑፉ ክብር እንጂ ለእርሱ ብዬ አይደለም። ያመጣውን ሳነበው «አትክልት ይወዱ ነበር» የሚል መስመር አገኘሁ።

«ምን ዓይነት አትክልት?» አልኩት።

«አትክልት ነዋ! አትክልት አታውቂም?»

«ደበርጃን ብለህ ጻፈው እንጂ። ሰውየው ሲያለሙ የኖሩት ጎመን አይደለም።»

ወደ በሩ ዘወር ብሎ ሰው እንደሌለ አረጋገጠ። «ኧረ ማሎ! የሟችን ገበና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልናነብ ነው? እምቧይ ይበሉ ነበር እንበል?»

ተውኩት። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር በልቅሶ ቀን መከራከር ራስን ማዋረድ ነው። አሁን ግን ልቅሶው አልፏል፤ እርሱ ገበና ያለውን እኔ እጽፈዋለሁ።

ኦቦ ገመቹ ደበርጃንን፣ ያንን ሐምራዊ ፍሬ ያለውን አትክልት፣ ያወቁት በአሶሳ መንገድ ነው። ጭነት አራግፈው ተራ ሲጠብቁ የዚያ አገር ሴቶች ከሰል ላይ ጠብሰው፣ ልጠው፣ ከተፈጨ ለውዝ ጋር አሽተው ይሸጡላቸው ነበር። ሌላው ሾፌር ሥጋ ፍለጋ ሲዞር እርሳቸው እዚያው ቁጭ ብለው ይበሉ ነበር አሉ። ከዚያ ጥቂት ዘር በክብሪት ቀፎ ይዘው መጡ። መጀመሪያ የዘሩት በሙሉ በሰበሰ። የነቀምቴን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ደበርጃን ደግሞ ሙቀት የለመደ ተክል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «አገሩ አይደለም» ብሎ ይተወው ነበር። እርሳቸው ግን ከበሰበሰው መሐል አልበሰብስም ያለችውን አንዲት ግንድ ፈልገው ከእርሷ ፍሬ ዘር ያዙ። በዓመቱም እንዲሁ አደረጉ፣ በሚቀጥለውም። እንዲህ እያሉ ዶፍ የማይበግረው ደበርጃን በገዛ ጓሯቸው አወጡ። ይህን ያደረገ ሰው በዚህ ከተማ ሌላ አላውቅም። በዚህ ከተማ ሰው የሚመሰገነው ባለ ፎቅ ቤት ሲሠራ ነው።

የእኛ ቤተሰብ ከወሎ መጥቶ እዚህ የሰፈረ ነው፤ ከኦቦ ገመቹ ጋር አንድ አጥር እንካፈላለን። ገና በማለዳ አጎንብሰው አያቸው ነበር። መደቡን ውሃ እንዳያቁር ከፍ አድርገው ይሠሩታል፤ ሥሩን በቡና ገለባ ያለብሱታል። ቅጠሉን ወንፊት የምታደርግ ትንሽ ጥቁር ተባይ አለች፤ ጤዛው ሳይደርቅ አመድ ይነሰንሱባታል። ፍሬው ሲደርስ በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል። ቆዳው ተመልሶ ከተነሣ ይቆርጡታል፤ ሰርጉዶ ከቀረ አልፏል ይላሉ። ለዘር የመረጡትን ግን አይቆርጡም። ከጠንካራዋ ግንድ አንድ ሁለት ፍሬ ይተዋሉ፤ ያ ፍሬ ሐምራዊነቱን ለቅቆ ቢጫ እስኪሆን፣ ከዚያም እስኪጨማደድ ድረስ ማንም አይነካውም።

«ለምን አይበሉትም?» አልኳቸው አንድ ቀን በአጥሩ ላይ።

«ይሄ የእኔ አይደለም፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ የከርሞ ነው።»

የሰፈራችን ሊቃውንት መዓት ያዩት በዚህ ቢጫ ፍሬ ነበር። እምቧይን የማያውቅ የለም፤ መንገድ ዳር የሚበቅለው፣ ከብት እንኳን የሚሸሸው፣ ቢጫ ፍሬ የሚያንጠለጥለው መራራ እሾሃም ነገር ነው። የደበርጃን አበባ የእምቧይን ይመስላል፣ ቅጠሉም ይቀርበዋል፤ ለዘር ሲበስል ደግሞ ፍሬውም ቢጫ ነው። ታዲያ የእኛ ሰው ምን ይመርምር! «ገመቹ እምቧይ ይበላል» ተባለ፣ አለቀ። አንዱ «ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው» አለ። ሌላው «ወንድ ልጅ ጓዳ ሲገባ መጨረሻው ይኸው ነው» አለ። የቀመሰ አልነበረም። ሳይቀምሱ ማውራት በከተማችን እንደ ሙያ የተያዘ ነገር ነው፤ ቢከፈልበት ኖሮ ሁላችንም ሀብታም ነበርን።

ኦቦ ገመቹ ግን ይሰጡ ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ ምርጥ ምርጡን በፌስታል ከፋፍለው ለሚስቁባቸው ሁሉ በየበሩ ያደርሱ ነበር። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ደረጀ በር ላይ ካለው ቦይ ውስጥ አጎንብሰው አየኋቸው። ጠዋት የሰጡት ደበርጃን እንዳለ ተጥሏል። አንድ በአንድ እያነሡ በኮታቸው ጫፍ ይጠርጉታል። ደም ፍላቴ ተነሣ።

«በሩን ያንኳኩና ፊቱ ላይ ይጣሉበት!» አልኳቸው።

«አፋቸው የሚናገረው ገና ስላልቀመሱ ነው» አሉኝ። «ተያቸው።»

ይዘውት ገቡ። እኔም ተከትዬ ጓዳቸው በር ላይ ቆምኩ። ከሰሉን አያያዙና ደበርጃኑን እንዳለ ከፍሙ ላይ አስቀመጡት። ቆዳው ጠቁሮ እስኪፈነዳ፣ ውሃው እስኪንጠባጠብ ድረስ በእጃቸው ያገላብጡታል፤ የሾፌር መዳፍ እሳት አይፈራም። ከዚያ ላጡት፤ ውስጡ እንደ ቅቤ ለስልሷል። በነጭ ሽንኩርት፣ በጨውና በሎሚ አሹት፤ ቃሪያውን በጣም አደቀቁት፤ በመጨረሻ የተፈጨ ለውዝ ጨመሩበትና ከላይ የኑግ ዘይት ጠብ አደረጉበት። አርብ ስለነበረ፣ እኔም ስለምፆም ድርሻዬን በሳህን ሰጡኝ። እርሳቸው የፆም ሰው አልነበሩም፣ ጴንጤ ነበሩ፤ የእኔን ፆም ግን ከእኔ የበለጠ ያስታውሱ ነበር። የቀረውን ሸፍነው በኋላ በር ወደ ደረጀ ግቢ ወሰዱት።

እዚያ ጓሮ ክፍል ውስጥ የደረጀ እናት አዴ ጫልቱ አሉ። ጥርሳቸው አልቋል፤ ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብም ትተዋል። ልጃቸው ከሰርግና ከስብሰባ የተረፈ ቅልጥም እያመጣ ፊታቸው ያስቀምጣል፤ ያለ ጥርስ በምን እንደሚግጡት አስቦ አያውቅም። ኦቦ ገመቹ ሳህኑን ሲገልጡላቸው አዴ ጫልቱ ሽታውን ሳቡት፤ ቀመሱት፤ ሌላ አሉ። «ሚኣዋ» አሉ ደጋግመው፤ ይጥማል ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ አርብ በመጣ ቁጥር ያ ሳህን በኋላ በር መግባቱን አላቋረጠም። ደረጀ አያውቅም እንዳትሉኝ፤ የእናቱን ሳህን ያያል፣ እናቱ መወፈራቸውንም ያያል። እድር ስብሰባ ላይ ግን «ያ ሽማግሌ አንድ ቀን ሰፈሩን በእምቧይ ይፈጃል» እያለ ሰው ያስቃል።

ወደ ልቅሶው ልመለስ። ያን ቀን እኔ ሱቅ ሆኜ ያንን ባዶ የሕይወት ታሪክ ሳትም፣ ደረጀ የእድሩን ድንኳን አስጭኖ ኦቦ ገመቹ ግቢ ደረሰ። ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ገና መግባታቸው ነበር፤ ከድካምና ከሐዘን ብዛት ማን ምን እንደሚያደርግ የሚያዩበት ዓይን አልነበራቸውም። ስመለስ ድንኳኑ መደቡ ላይ ተተክሏል። ከደበርጃኑ አንድ ግንድ የለም።

«ማሳው የት ሄደ?» አልኩት።

«እምቧዩን? አስነቅዬ አጸዳሁት» አለኝ፤ ምስጋና የሚጠብቅ ፊት ነበረው። «ለቀስተኛ ይወጋል።»

«ደበርጃን እሾህ የለው! ቢጫውስ? ለዘር የተተወው?»

«እሱ አይደል መርዙ! ከአጥሬ ኋላ ቆሻሻው ላይ አስጣልኩት።»

በጥቁር ነጠላዬ ሮጥኩ። ቆሻሻው ክምር ላይ ወጥቼ በእጄ ቆፈርኩ። ከብት ረግጦታል፣ አመድ ተደፍቶበታል፣ የልቅሶው ምግብ ትራፊም ቀድሞ ተጥሎበታል። የተሰባበረ ግንድ እንጂ ፍሬ አላገኘሁም። አጥሩ ላይ ተደርድረው የሚያዩኝ ሴቶች «እሷም እምቧይ መብላት ለመደች» ተባባሉ። ያን ሁሉ ዓመት ከዝናብ ጋር ተከራክረው ያወጡትን ዘር፣ ለእርሳቸው ክብር ድንኳን እንትከል ያሉ ሰዎች በአንድ ጠዋት ጨረሱት። ተመልሼ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ደረጀ ተነሥቶ «አባታችን ነበሩ» እያለ ያለቅሳል። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ይህ ነው የባሰ ያስጠላኝ።

ከዚያ በኋላ አርብ አርብ አዴ ጫልቱን የምጠይቃቸው እኔ ሆንኩ። ገና ስገባ «ያ ለስላሳው የታለ?» ይሉኛል። ገመቹ መሞታቸውን ነግሬያቸዋለሁ፣ አልቅሰዋልም፤ ግን አርብ ሲመጣ ይረሱታል። ድንች ቀቅዬ፣ አድቅቄ ወሰድኩላቸው፤ ሳህኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ዱባም ሞከርኩ። ገበያችን ላይ ደበርጃን የሚሸጥ የለም፤ ማን ሊገዛው! ዘር እንዲያመጡልኝ ሾፌሮች ለመንኩ፤ የአሶሳ መንገድ እንደ ድሮው አይደለም አሉኝ። ቢመጣስ የነቀምቴን ክረምት የማያውቅ ዘር ምን ይሠራልኛል? አዴ ጫልቱ እየከሱ ሄዱ። እኔ ከስድብ በቀር የምሰጣቸው አልነበረኝም፣ እሱንም ለልጃቸው ነበር የማስቀምጠው።

ዝናቡ ከጀመረ በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ ደረጀ ቅጠል ይዞ ሱቄ ገባ።

«ይሄን የሚያደርቅ መርጫ የት ይሸጣል? ከአጥሬ ኋላ እምቧይ ወረረኝ።»

ቅጠሉን ከእጁ ተቀበልኩት። እሾህ የለውም። ጅማቱ ሐምራዊ ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«እንዳትነካው» አልኩት። «የኦቦ ገመቹ ደበርጃን ነው። አንተ የጣልከው።»

ቅጠሉን መልሶ ሳይቀበለኝ ወጣ። ያፈረ መሰለኝ። ሞኝ ነኝ! ሳምንት ሳይሞላ ቦታውን በቆርቆሮ አጥሮት አገኘሁ። ቀጥሎ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ኦቦ ገመቹ ሊሞቱ ሲሉ እጁን ይዘው «ዘሬን አደራ» ብለውታል አለ። ችግኙ አጠገብ ተንበርክኮ የተነሣውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ያን ቢጫ ፍሬ መርዝ ነው ብለው በእጃቸው የነቀሉት እነዚያው ሰዎች «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ አደራ ጠባቂ» ብለው ጻፉለት። እኔም ችግኝ ልለምን ሄድኩ። ሰው እስኪሰበሰብ አስቆመኝና ሁለት ችግኝ በአደባባይ ሰጠኝ። «ገለቶሚ» አልኩት። አመሰግናለሁ ማለት ነው። በሕይወቴ ከአፌ የወጣ እንደዚያ የጎመዘዘ ቃል የለም። ግን ውሸታምነቱን ብናገር ነቅሎ እንደሚጥለው አውቃለሁ፤ ለመታየት ብሎ ግን ጠዋትና ማታ ይንከባከበዋል። ዋሽቶም ቢሆን ይንከባከበው ብዬ ዋጥኩት።

ክረምቱ እንደ ልማዱ ሌሊትና ቀን ወረደ። ደበርጃኑ ንቅንቅ አላለም። በመስከረም አበባው ወደ ፍሬ ተለወጠ፤ ያ የሚያብረቀርቅ ሐምራዊ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይታይ ጀመር። አንድ አርብ ደረጀ በኮቱ ሥር ፌስታል ደብቆ መጣ።

«ለእማዬ ሥሪላት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌላ ምግብ እምቢ ብላኛለች።»

«አንተ ሥራላቸው።»

«ወንድ ልጅ? ጓዳ ገብቼ?»

«ኦቦ ገመቹ ምን ነበሩ?»

 ሱቄን ዘግቼ ደረጀን ከነፌስታሉ ወደ እናቱ ይዤው ሄድኩ። እናቱ በር ላይ ከሰል አያያዘ፤ የእድር ሊቀ መንበር ሆኖ ስንቱን ድግስ ያዘዘ ሰው ከሰል ማራገብ አያውቅም። እኔ ቆሜ አዘዝኩት፣ እጄን አልነካሁበትም። ጣቱን አቃጠለ። አንዱን አሳረረው፣ ሌላውን ጥሬ አወጣው። ጎረቤት አጥሩ ላይ ተደርድሮ ያያል። እርሱ ላቡን እያበሰ ያሻል።

ኦቦ ገመቹ፣ እንግዲህ ልሰናበትዎት። ዘርዎ አለ። እኔም ጓሮ ሁለት ግንድ ቆመዋል፤ ከጠንካራዋ ላይ አንድ ፍሬ ለከርሞ ትቻለሁ፣ ጠባቂውም እኔ ነኝ። ደረጀ ያን ቀን ሳህኑን ይዞ እናቱ ፊት ሲንበረከክ ቆሜ አየሁት። አዴ ጫልቱ ቀመሱ። አላመጡ። ሌላም ጎረሱ። ከዚያ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩና «የገመቹ ይሻላል» አሉ። ሰፈሩ በሙሉ እየሰማ ነው ያሉት። ደረጀ አንገቱን ደፋ። እርስዎ እዚያ ቢሆኑ ጀርባውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ በሚቀጥለው ይጣፍጥልሃል» ይሉት ነበር፣ አውቃለሁ። እኔ ግን እርስዎን አይደለሁም። አልሰማም ይሆናል ብዬ የእናቱን ቃል ደግሜ ነገርኩት። በሰላም ይረፉ።